ሰር ጃይልስ ጊልበርት ስኮት

ቀዩን የእንግሊዝ የስልክ ቤት በፎቶግራፍ ወይም በሲኒማ ሳያይ የቀረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቁመቱ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጎኑና ጎኑ በትናንሽ መስታወቶች የተከፋፈለ ነው፤ ጣራውም እንደ ጉልላት ጎበጥ ያለ ነው። ይህን ከአንድና ከሁለት ሰው በላይ የማያስገባ ቤት የነደፈው ሰው፣ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነውን የሊቨርፑልን ካቴድራልም የነደፈ ነው። ሰውየው ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ይባላል። ካቴድራሉን መሥራት የጀመረው በ22 ዓመት ዕድሜው ሲሆን፣ እስከ 79 ዓመቱ ድረስ ሲሠራው ኖሮ ፍጻሜውን ሳያይ ሞቷል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስኮት ኖቬምበር 9 ቀን 1880 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ በሚባለው ሠፈር ተወለደ። የሕንፃ ጥበብ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። አያቱ ሰር ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እጅግ ከታወቁት የእንግሊዝ አርክቴክቶች አንዱ ሲሆን፣ በለንደን የሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ላይ የቆመውን ታላቅ ሆቴል የነደፈ ነው። አባቱም በስምም በሙያም አያቱን የተከተለ፣ ችሎታው የተመሰከረለት አርክቴክት ነበር። ይሁን እንጂ አባትየው ገና በጉብዝናው ዘመን የአእምሮ ሕመም ስለያዘው ከቤተሰቡ ተለይቶ ለመኖር ተገደደ። ስለዚህ ጃይልስ አባቱን የሚያውቀው በስምና በዝና እንጂ በመልክና በጨዋታ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1897 ዓ.ም. አባትየው በዚያው አያትየው በነደፈው ሆቴል ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ልጆቹን ያሳደገችው እናታቸው ኤለን ናት። እርስዋም ከባልዋ ሙያ የተነሣ የደረሰባትን መከራ አይታ ልጆችዋን ከዚያ ሙያ ታርቃቸዋለች ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። ያደረገችው ግን ተቃራኒውን ነው። በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በሰሴክስ የገጠር ቤት ስለነበራቸው፣ በዕረፍት ቀን ልጆችዋን በብስክሌት እያስከተለች የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን ታስጎበኛቸው ነበር። ጃይልስና ታናሽ ወንድሙ አድሪያን አርክቴክቶች እንዲሆኑ የቆረጠችውም እርስዋ ናት። ጃይልስ በ1899 ዓ.ም. ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ቴምፕል ሙር ከሚባል አርክቴክት ዘንድ ለሙያ ተለማማጅነት ገባ። ሙር ቀድሞ የአባቱ ደቀ መዝሙር የነበረ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት ልጁ በሕይወት ሳለ በሚገባ ያላወቀውን አባቱን ከሞተ በኋላ በሥራዎቹ በኩል ለማወቅ ቻለ።

ሊቨርፑል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በመርሲ ወንዝ አፍ ላይ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን በንግድና በመርከብ ሥራ በጣም በልጽጋ ነበር። ስኮት በተወለደበት በ1880 ዓ.ም. ከተማይቱ የራስዋ የአንግሊካን ጳጳስ ተሾመላት፤ ለጳጳሱ ክብር የሚመጥን ካቴድራል ግን አልነበራትም። በ1901 ዓ.ም. የካቴድራሉን ንድፍ ለማስመረጥ ውድድር ታወጀ። ለውድድሩ 103 ንድፎች ቀረቡ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በኋላ ስሙ ከእንግሊዝ አልፎ በመላው አውሮፓ የገነነው ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ይገኝ ነበር፤ እርሱ ግን የመጀመሪያውን ማጣሪያ እንኳ አላለፈም። ዳኞቹ ጆርጅ ፍሬደሪክ ቦድሊና ኖርማን ሾው የተባሉ ሁለት የታወቁ አዛውንት አርክቴክቶች ነበሩ። እነርሱም አምስት ተወዳዳሪዎችን ለሁለተኛ ዙር ካስቀሩ በኋላ፣ በ1903 ዓ.ም. ከአምስቱ አንዱን መረጡ።

የአሸናፊው ማንነት ሲገለጥ የካቴድራሉ አሠሪ ኮሚቴ ደነገጠ። አሸናፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው። ገና ተለማማጅ ነው። ከዚያ በፊት የሠራው አንድም ሕንፃ የለም፤ እንዲያውም እስከዚያች ቀን ድረስ ነድፎ ያሠራው ዕቃ የፒፓ ማስቀመጫ መደርደሪያ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቱ ልጁ በተወለደበት ዓመት ወደ ካቶሊክ እምነት ስለገባ፣ ወጣቱ ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ነው። በዚያን ጊዜ በሊቨርፑል በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል የነበረው ጥላቻ በየጊዜው እስከ ድብድብ የሚያደርስ ነበር። እንግዲህ የአንግሊካን ምእመናን ገንዘባቸውን አዋጥተው የሚያሠሩትን ካቴድራል ካቶሊክ ይንደፈው ማለት ለብዙዎች የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ኮሚቴው የዳኞቹን ፍርድ ተቀበለ። ነገር ግን ወጣቱን ብቻውን ማመን ስላልደፈረ፣ ከዳኞቹ አንዱን ቦድሊን አብሮት እንዲሠራ በላዩ ሾመበት። አወዳድሮ የፈረደ ዳኛ ከአሸናፊው ጋር የሥራው ተካፋይ መሆኑ በዚያን ጊዜም ቢሆን ብዙ አስተዛዝቧል።

ጁላይ 19 ቀን 1904 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የመሠረቱን ድንጋይ አኖሩ። ሁለቱ አርክቴክቶች ግን አልተስማሙም። ቦድሊ በአሜሪካ ሌሎች ካቴድራሎችን ለመሥራት ውል ስለያዘ ከሊቨርፑል መራቅ አበዛ፤ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ በየነገሩ የበላይነቱን ሊያሳይ ይፈልጋል። ስኮት ሦስት ዓመት ያህል ከታገሠ በኋላ ሥራውን ለመልቀቅ ቆርጦ የስንብት ደብዳቤ ለማቅረብ ተዘጋጀ። በዚሁ መካከል በ1907 ዓ.ም. ቦድሊ በድንገት ሞተ። ኮሚቴውም ከጥቂት ማመንታት በኋላ ሥራውን በሙሉ ለስኮት ተወለት።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር የሰውየውን ጠባይ ከማናቸውም ሌላ ሥራው ይልቅ ያሳያል። በንድፉ መሠረት በመጀመሪያ የሚሠራው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ነበር። ይህ የካቴድራሉ ክፍል በጎቲክ ስልት፣ ማለት በሾጣጣ ቅስቶችና በቀጫጭን ዓምዶች፣ በብዙ ጌጥ ተሠርቶ በ1910 ዓ.ም. ተመረቀ። ተመልካቹ ሁሉ አደነቀው። ስኮት ግን በውድድሩ ያሸነፈበትንና ሥራው የተጀመረበትን የራሱን ንድፍ ባየው ቁጥር ቅር እያለው ሄደ። በዚያ ንድፍ ካቴድራሉ ሁለት መንትያ ግንቦች ነበሩት፤ ጌጡም የበዛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነድፎ ያሸነፈበት፣ ጋዜጦች ያወደሱት፣ ለገንዘብ መዋጮ በየቦታው የታየ ሥዕል ነው። እርሱ ግን ንድፉን በምስጢር ከመሠረቱ ለወጠው። ሁለቱን ግንቦች አስቀርቶ በሕንፃው መካከል አንድ ታላቅ ግንብ አቆመ፤ በግንቡ ግራና ቀኝ የሚዘረጉትን ክንፎች በእጥፍ አበዛቸው፤ ከሥሩም ሰፊ አዳራሽ አወጣበት። ጌጡን ከየቦታው ሰብስቦ በጥቂት ቦታዎች ብቻ አኖረው፤ የቀረውን ግድግዳ ለባዶው ድንጋይ ተወው። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ አዲሱን ንድፍ ይዞ ከኮሚቴው ፊት ቀረበ።

ኮሚቴው ምን ይበል? ንጉሥ መሠረቱን ያኖሩለት፣ ሕዝብ ገንዘብ ያዋጣለት፣ በከፊልም የተሠራ ሕንፃ ነው። የሰላሳ ዓመት ሰው መጥቶ ያ ንድፍ አይረባም፣ ይህኛውን ሥሩ ይላል። ቢያባርሩት የሚፈርድባቸው አልነበረም። እነርሱ ግን ሥዕሉን በጥሞና ከመረመሩ በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፈቀዱለት። ዛሬ በሊቨርፑል ኮረብታ ላይ የሚታየው ካቴድራል የሁለተኛው ንድፍ ውጤት ነው። ጌጠኛውን የእመቤታችንን ጸሎት ቤትና ከጎኑ ያለውን ጭምት ዋና ሕንፃ አከታትሎ የተመለከተ ሰው፣ የአንድ ሰው አእምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ድንጋዩ ከከተማይቱ አጠገብ ዉልተን ከሚባል ስፍራ የተፈለጠ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው።

በ1914 ዓ.ም. ስኮት ሉዊዝ ሂዩዝ የተባለች ሴት አገባ። ሉዊዝ በሊቨርፑል በአንድ ሆቴል የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ፕሮቴስታንት ስለነበረች እናቱ በጋብቻው አልተደሰተችም። በዚያው ዓመት የተነሣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት የካቴድራሉን ሥራ አዘገየ፤ ስኮትም በባሕር ኃይል እግረኛ ክፍል በሻለቅነት አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ቀጥሎ፣ መሠረቱ በተጣለ ልክ በ20 ዓመቱ ጁላይ 19 ቀን 1924 ዓ.ም. የካቴድራሉ የምሥራቅ ክፍል ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተገኙበት ተባረከ። ንጉሡም ለስኮት የሰርነት ማዕረግ ሰጡት።

በዚሁ በ1924 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ለስልክ ቤት የሚሆን ንድፍ በውድድር አስመርጦ ነበር። ቀደም ብሎ በሲሚንቶ የተሠራውን የስልክ ቤት የለንደን ወረዳዎች አስቀያሚ ነው ብለው በመንገዳቸው ላይ እንዳይቆም ከልክለውታል። ካቴድራል የሚሠራ ሰው ለዚህ ዓይነት ጥቃቅን ሥራ ጊዜ አይኖረውም ያለ ቢኖር ተሳስቷል፤ ስኮት ተወዳድሮ አሸነፈ። የቤቱ ጣራ ጆን ሶን የተባለው የቀድሞ ዘመን አርክቴክት ለሚስቱ ካሠራው፣ እርሱም በኋላ ከተቀበረበት የመቃብር ሐውልት ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ስኮት ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙዎች ያምናሉ። የሚገርመው ግን ቀዩ ቀለም የእርሱ ምርጫ አለመሆኑ ነው። እርሱ ያሰበው ውጪው የብር ቀለም፣ ውስጡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ እንዲሆን ነበር። ፖስታ ቤቱ ከሩቅ እንዲታይ ብሎ ቀይ አስቀባው፤ መሥሪያውንም ቀልጦ በቅርጽ በሚፈስ ብረት አደረገው። በ1935 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል ስኮት ቤቱን አነስና ረከስ አድርጎ እንደገና ነደፈው፤ በመላው አገር ወደ 60,000 የሚጠጋ ቁጥር የተሠራው ይኸኛው ነው። በገጠር ያሉ አንዳንድ ነዋሪዎች ቀዩ ቀለም የመንደራችንን መልክ አበላሸ እያሉ ለብዙ ጊዜ አቤቱታ አሰምተዋል። ዛሬ እነዚያው መንደሮች የስልክ ቤታቸው እንዳይነሣ ይሟገታሉ።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ አርክቴክቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወገን የጥንቱን ስልት ይዘን እንቆይ ሲል፣ ሌላው ጌጥ የሚባል ነገር ሁሉ ቀርቶ ሕንፃ እንደ መኪና ለሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ይሠራ ይል ነበር። ከ1933 እስከ 1935 ዓ.ም. የእንግሊዝ አርክቴክቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ስኮት ግን ከሁለቱም አልወገነም። አዲሱን የአሠራር ዘዴ ሳይፈራ ተቀበለ፤ የሰው ዓይን የለመደውን ውበት ግን አልጣለም። ይህ አቋሙ ከሁለቱም ወገን ወቀሳ አትርፎለታል። አቋሙ በግልጽ የሚታየው በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው በባተርሲ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ላይ ነው። ጣቢያው በከተማይቱ እምብርት ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ጭሱና አስቀያሚነቱ ሕዝቡን አስቆጣ። የኃይል ኩባንያውም ቁጣውን ለማብረድ ስኮትን ጠራ። የሕንፃው አጠቃላይ ቅርጽ ቀደም ብሎ በመሐንዲሶች ተወስኖ ስለነበር የስኮት ድርሻ ውጪውን ማስዋብ ብቻ ነበር። እርሱም የጡቡን ግድግዳ በመስመር በመስመር እያዋቀረ፣ ጭስ ማውጫዎቹንም እንደ ጥንት ዓምዶች እያስመሰለ፣ ፋብሪካውን ግርማ ሞገስ ሰጠው። የመጀመሪያው አጋማሽ በ1930ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1955 ዓ.ም. ተፈጸመ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም በ1934 ዓ.ም. የተመረቀ የእርሱ ሥራ ነው።

በለንደን የዋተርሉ ድልድይን እንደገና ሲነድፍ በአርማታ አሠርቶ በነጭ ድንጋይ አለበሰው። የድልድዩ ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ስለ ገጠመና ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ ስለ ዘመቱ፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ድልድዩ በይፋ ሲመረቅ ንግግር ያደረገው ሹም ግን የሠሩትን ወንዶች ብቻ አመሰገነ። የቴምዝ ጀልባ ነጂዎች የሴቶቹ ድልድይ እያሉ ሲጠሩት ስለ ኖሩ እውነቱ ሳይጠፋ ቆይቷል።

ጦርነቱ ሊቨርፑልንም አልማረም። በሜይ ወር 1941 ዓ.ም. በከተማይቱ ላይ በወረደው የቦምብ ድብደባ የእመቤታችን ጸሎት ቤት መስኮቶች ረገፉ። ሆኖም ሥራው ጨርሶ አልቆመም። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1942 ዓ.ም. ስኮት ከምድር 101 ሜትር ከፍ ወዳለው የግንቡ ጫፍ ወጥቶ የመጨረሻውን ድንጋይ በገዛ እጁ አኖረ። ጊዜው የጦርነት ስለነበረ ድግስም ሰልፍም አልተደረገም። የ61 ዓመቱ ሰው ከዚያ ከፍታ ወደ ታች ሲመለከት በአንድ በኩል የራሱን ግንብ፣ በሌላ በኩል በቦምብ የፈራረሰችውን ከተማ ያይ ነበር።

በ1941 ዓ.ም. በቦምብ የተቃጠለውን የእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛውን ምክር ቤት አዳራሽ መልሶ እንዲሠራ የተመረጠውም ስኮት ነው። ከወንድሙ ከአድሪያን ጋር ሠርቶ በ1950 ዓ.ም. አስረከበ። ለኮቨንትሪ ከተማ የነደፈው ካቴድራል ግን ተቀባይነት ስላጣ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በለንደን ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባንክሳይድ የተባለውን ሁለተኛ የኃይል ማመንጫ መንደፍ ጀመረ። የካቴድራሉን ጉልላት እንዳይጋርድ ጭስ ማውጫዎቹን በአንድ ግንብ ውስጥ ሰብስቦ ከፍታውን ከጉልላቱ ጫፍ ዝቅ አደረገው።

ስኮት እስከ መጨረሻው ሥራውን አላቋረጠም። በሳንባ ካንሰር ታሞ ለንደን በሚገኝ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ እንኳ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ንድፍ አልጋው ላይ ይዞ ይሠራ ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1960 ዓ.ም. በተወለደ በ79 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑም ወደ ሊቨርፑል ተወሰደ። ይሁን እንጂ ካቶሊክ በመሆኑ 57 ዓመት በደከመበት ካቴድራል ውስጥ ሊቀበር አልተቻለም። ቤተ ክርስቲያናቸውን የነደፈላቸው የአምፕልፎርዝ የካቶሊክ መነኮሳት ጸሎት አድርሰው ከምዕራቡ በር ውጪ ከሚስቱ አጠገብ ቀበሩት። በእርሱ ንድፍ መሠረት ያ ቦታ ወደ ፊት በበሩ መጠለያ ሥር እንዲውል የታሰበ ነበር።

የቀረውን ሥራ የመሩት ባልደረቦቹ የገንዘብ እጥረትና የዋጋ ንረት ስላስቸገራቸው የምዕራቡን በር አቅልለው እንደገና ነደፉት፤ የታሰበው መጠለያም ቀረ። ካቴድራሉ በ1978 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ሁለተኛ በተገኙበት ፍጻሜው ተከበረ፤ መሠረቱ ከተጣለ 74 ዓመት ሆኖት ነበር። የባተርሲ ጣቢያ በ1983 ዓ.ም. ሥራውን ካቆመ በኋላ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆሞ በ2022 ዓ.ም. ሱቅ፣ መኖሪያና መሥሪያ ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ የባንክሳይዱ ጣቢያ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የዘመናዊ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ቤተ መዘክር ሆነ። የስኮት መቃብር ግን መጠለያው በመቅረቱ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ በኋላም ወደ መኪና ማቆሚያ የሚወስድ መንገድ አልፎበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. መንገዱ ተነሥቶ በመቃብሩ ላይ አዲስ ድንጋይ ተተከለ።